አስራ አንድ ያልተነሱ ጥሪዎች

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ተቀምጣ ስልክ ስታገናኝ ኖራለች። መስኮት የሌላት ክፍል፣ የጆሮ ማዳመጫና አንድ የሚንቋቋ ወንበር፤ ዓለሟ ይኸው ነበር። ከዚያ ሆቴሉ የድሮውን የስልክ ማገናኛ ለብረት ገዢ ሸጠና እሷንም በምስክር ወረቀት ሸኛት። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ቁጭ ብሎ ዕድሉን ይራገም ነበር። እሷ ግን በአርባ አራት ዓመቷ ሴት ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ የኢንተርኔት ስልክ መትከል ተማረች። "እማዬ፣ ደግሞ ምኑን ልታበላሺው ነው?" እያለች ልጅቷ ብትስቅባትም፣ ሥራ ለሠሪው ነውና ዛሬ ፋርማሲውም፣ ማተሚያ ቤቱም፣ የጥርስ ሐኪሙም የሚጠሩት እሷን ነው። ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ለሁሉም እትዬ ሃሎ ናት።

የማትለቀው አንድ ልማድ አላት። የኢንተርኔት ስልክ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ያኔ ጥሪው በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ሞባይል እንዲዞር ይደረጋል። እሷ ደግሞ በዓይኗ ያላየችውን አታምንም። መጀመሪያ ጥሪውን ወደ ራሷ መሞከሪያ ስልክ ታዞረዋለች፤ መምጣቱን ካየች በኋላ የራሷን ቁጥር አጥፍታ የባለቤቱን ታስገባለች። መሞከሪያዋ ድምፅ አልባ ናት፤ ደንበኛ ፊት እየጮኸች እንዳታስቸግራት ብላ አፍናታለች።

ማክሰኞ ዕለት የኦክስጅን ማከፋፈያውን ስልክ ተከለች። ሙከራው ሠራ፣ ባለቤቱም ተደሰተ። ወዲያው የጥርስ ሐኪሙ "ስልኬ ዝም አለ፣ ድረሽልኝ!" ብሎ ሲያጣድፋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። የራሷን ቁጥር አላጠፋችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ማፍሰሷንም አላወቀች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተንበርክካ ሽቦ ስታስገባ ቆይታ፣ ለሙከራ ብላ ያቺን ስልክ ከቦርሳዋ ሥር አወጣች። አስራ አንድ ያልተነሱ ጥሪዎች። ሁሉም ከአንድ ቁጥር፣ ሁሉም በኦክስጅን ማከፋፈያው መስመር የመጡ። ምን እንዳደረገች ያኔ ገባት፤ ወዲያው መልሳ ደወለች።

"ኦክስጅን ቤት ነው?" አለ አንድ ሰው እየጮኸ። "ለምንድነው የማታነሱት? ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እየደወልኩ ነው! የእናቴ ሲሊንደር ሊያልቅ ነው፣ የመለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ደርሷል። አምቡላንስ ጠርቼ ጠብቅ ይሉኛል። ትቻት እንዳልመጣ ማንም የለኝ!"

"ወንድሜ፣ እንዳትዘጋው። መስመር ላይ ቆይ።"

እሱን አስቆይታ ለማከፋፈያው ባለቤት ሞባይል ደወለች። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። አንጀቷን የቆረጠው ይህ ነው። የእሱን ቁጥር አስገብታ ቢሆን ኖሮ ለሰውዬውም ገና በመጀመሪያው ያነሳለት ነበር።

"እትዬ ሃሎ! ጠዋት መብራት ሄዶ፣ ዛሬ ደንበኛው ሁሉ የት ገባ እያልኩ ነበር እኮ" አለ እየሳቀ።

"ሲሊንደር ጫንና ንዳ። ሰው እየሞተ ነው። ደዋዩ ቤቱን መንገድ ላይ ይነግርሃል።"

ሁለቱን ከራሷ ጋር በአንድ መስመር ሰበሰበቻቸው። የታማሚዋ ልጅ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይላል፣ ባለቤቱ የትኛው ወፍጮ ቤት ይላል፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲጮሁ ማንም ማንንም አልሰማም። "ተራ በተራ!" ብላ ጮኸችባቸው። ጋራዡ ውስጥ መዶሻው ሁሉ ጸጥ አለ።

"ስንት ደረሰ?" አለችው ልጁን።

"መርፌው አይንቀሳቀስም። ከንፈሯ ጠቁሯል።"

"አሸዋ የጫነ መኪና መንገዱን ዘግቶታል!" አለ ባለቤቱ። "መግቢያው ጋ ነኝ፤ በየት ልለፍ?"

"ነጭ በር ነው፣ ነጭ በር!" አለ ልጁ።

"እዚህ ሰፈር በሩ ሁሉ ነጭ ነው!"

እትዬ ሃሎ ዓይኗን ጨፈነች። "ወንድሜ፣ የድስት ክዳን ይዘህ በርህን ደብድበው። አንተ ደግሞ ሲሊንደሩን ተሸክመህ ሩጥ፤ ድምፁን ተከተል።"

ድብደባው ተጀመረ። በልጁ ስልክ ከቅርብ፣ በባለቤቱ ስልክ ከሩቅ ይሰማታል። ትንፋሿን ይዛ ሩቁን ብቻ አዳመጠች። ጠፋ። ተመለሰ። ከዚያ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ። በር ተበረገደ፤ ብረት ወለሉን መታ፤ መፍቻ ተንቋቋ፤ በመጨረሻ ሽሽሽ የሚል የአየር ድምፅ መጣ። እሷም የጋራዡ ወለል ላይ ዘይቱ ውስጥ ተዘርፍጣ ተቀመጠች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጁ ስልኩን አነሳ፤ እያለቀሰ ነበር። "እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ። አንቺ ባትደውይ ኖሮ..."

"ምን ይደረግ፣ ያ መብራት ነው ጉድ የሠራን" አለ ባለቤቱ ከወዲያ እያለከለከ።

ዝም ብትል መብራቱ ላይ ተላክኮ ያልፍ ነበር። ፈራች፤ እንጀራዋ ነው፣ እምነት ያጣ ሰው ስልኩን አያስነካትም። "መብራቱ አይደለም" አለች። "ወንድሜ፣ ጥሪህ ወደ እሱ መዞር ሲገባው ወደ እኔ ነው የዞረው። ቁጥሬን ማጥፋት ረስቼ ነው። አስራ አንዱም ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።"

 

"ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?" አለ ልጁ፤ ድምፁ ተለውጧል። "ለእሷ ንገሪያት።"

ስልኩ ተነካካ፤ ቀጥሎ የተጎተተ፣ የሚሰነጣጠቅ ትንፋሽ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

"እማማ" አለች። "ስልኩን ያላነሳሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

አሮጊቷ ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ብዙ ቆዩ።

"አሁን... አንስተሻል" አሉ። "ፈርቻለሁ ልጄ... እንዳትዘጊው።"

የጋራዡ ባለቤት የእሱ ስልክ ተከላ አለቀ ወይ ብሎ በእጅ ምልክት ጠየቃት። ጀርባዋን ሰጠችው፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ "አለሁ እማማ" አለች።