አረንጓዴው የአራስ ቤት

ጣልያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ክረምት፣ እናቴ ታናሽ እህቴን ይዛ አራስ የተኛችው አረንጓዴ ወረቀት በተለጠፈበት እልፍኝ ነው። ለልጆቼ ይህን ስነግር «ወረቀት? በዚያን ጊዜ?» ይሉኛል። አዎ፣ ወረቀት! ልዋሻችሁ እንዴ?

አባቴ አናጢ ነበር። ወዶ ይሁን ተገዶ፣ ለአንድ የጣልያን ሹም ቤት በርና መስኮት ሠርቷል፤ ይህን ሲያነሱበት ፊቱ ይጠቁር ነበር። ሹሙ ከአገሩ ካስመጣው አሮጌ የግድግዳ ወረቀት የተረፈውን ጥቅል ሰጠው። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ሐረጉ አረንጓዴ፣ የሰኔ ሣር እንኳ እንደዚያ አያምርም። አባቴ የስንዴ ዱቄት በጥብጦ አፈላና ጭቃው ግድግዳ ላይ ለጠፈው። «ሚስቴ እንደ ወይዘሮ ነው የምትታረሰው» አለ። ጎረቤቱ እየገባ «ጉድ ነው!» ሲል እኔም፣ ትንሿ ልጅ፣ አብሬ ተኮፈስኩ።

አራሷን ሊጠብቁ የአባቴ ታላቅ እህት መጡ። አክስቴ ካሉ አሉ ነው። አራስ ነፋስ ከነካት አለቀላት ብለው በሩን ዘጉ፣ መስኮቱን በጨርቅ ወተፉት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ውስጥ ምድጃው ይነዳል፣ ግድግዳው ያልበዋል። ውሎ አድሮ ወረቀቱ በየጥጉ ጥቁር ሻጋታ አበቀለ፤ እልፍኙም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት ጀመር። አራስ ጠያቂዎች ሽታው ደስ ይላቸው ነበር፤ ለክፉ ዓይን ተብሎ ነጭ ሽንኩርት ከራስጌዋ መታሰሩን ያውቃሉ። እውነት ነው፣ አክስቴ አስረውላታል። ግን ያቺ እፍኝ የማትሞላ ሽንኩርት ቤት ሙሉ ትሸታለች?

እናቴ ራሷን ያማታል፣ ያስመልሳታል፣ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። ሕፃኗ ጡቱን ትይዝና ትተወዋለች። አክስቴ «ይኸ ነፋስ በየት ገባባት?» እያሉ ሌላ ጨርቅ ይወትፋሉ። እሳቸውም እኮ ራሴን ራሴን ይሉ ነበር፤ ጭሱ ነው ተባለ። የሁላችንም ጭንቅ አንድ ነበር፤ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፣ እስከዚያ ትቆይልን ይሆን?

ሐምሌ ላይ አርበኞች ከሰፈራችን በላይ ካለው የጣልያን ምሽግ ጋር ተታኮሱ። «እንሂድ» ያለችው እናቴ ናት። በሮብ ገበያ በኩል ወዳሉ ዘመዶቿ ሸሸን። አክስቴ መንገዱን ሙሉ አለቀሱ። «አራስ በዝናብ! አራስ በነፋስ! ገደልናት እኮ!» እናቴ በቅሎ ላይ፣ ሕፃኗ ደረቷ ላይ፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ዞር ብዬ ላያቸው ፈራሁ።

እነሱ ግን ዳኑ። የምን ጉድ ነው! በሚያፈስ የሣር ቤት፣ ከጥጆች ጋር ተጋፍተን እያደርን፣ እናቴ ገንፎዋን በልታ ጨምሩልኝ አለች። ሕፃኗም ስቃ አሳየችን። አክስቴ ደስ ሊላቸው ቀርቶ የተቀየሙ ይመስሉ ነበር። እኔ ምኑም አልገባኝም።

ነሐሴ ላይ ተኩሱ ሲበርድ፣ ክርስትናው በደብራችን ይሁን ተብሎ ተመለስን። አክስቴም የመንገዱ ነፋስ ይውጣላት ብለው እልፍኙን ከበፊቱ አጥብቀው ዘጉት። እናቴን ወዲያው አስመለሳት። ክርስትናው ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ጡት ልትሰጣት ብታነሳት ሕፃኗ አልነቃችም።

«ያ መንገድ ነው» አሉ አክስቴ። ሁሉም አመነ፤ ከሁሉም በላይ እናቴ። መስከረም ሲጠባ ወረቀቱ እየተላጠ ወደቀ፣ አባቴ ጠርጎ ጣለው፣ እናቴም እያደር ተሻላት። «እንሂድ ያልኩ እኔ ነኝ» የምትለው ነገር ግን አልተዋትም።

ከስንት ዘመን በኋላ፣ ሐኪም የሆነ የወንድሜ ልጅ ይህን ሳወራ ሰማኝ። አንዳንድ የድሮ አረንጓዴ ቀለም አርሴኒክ በሚባል መርዝ ይሠራ ነበር፤ እርጥበትና ሻጋታ ሲያገኘው ነጭ ሽንኩርት የሚሸት መርዝ ይተነፍሳል አለኝ።

«ሂድ ወዲያ! እኔስ ለምን አልታመምኩም?»

«እርስዎ ውጭ ሲሯሯጡ ይውሉ ነበራ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወረቀቱን ሳላየው እንዴት ብዬ?»

ይኸው ነው እንግዲህ! አመንኩትም፣ አላመንኩትምም። ሆኖም እግሬ አላስችል ብሎኝ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ አባቴ ከወዲያ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይሞቃል።

«እማ፣ መንገዱ አይደለም» አልኳት። «አንቺም አይደለሽም። ወረቀቱ ነው የገደላት።»

እፎይ ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ አባቴ አየት አደረገችና ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ቀስ ብለሽ አውሪ» አለች። «እሱ እንዳይሰማ። እኔስ ጸጸቱን ለምጄዋለሁ።»