የሕፃኑ እርግብግቢት

እንጥል ቆራጩ ምላጩን ሲያወጣ ሸዋወርቅ ልጇን ከአማቷ ጭን ላይ ነጥቃ ብድግ አለች።

«ምን ሆነሻል?» አሉ አማቷ ወይዘሮ አስካለ። «እርግብግቢቱ መስመጡን አታዪም? እንጥሉ ቢወርድ ነው!»

«አልሰመጠም እማማ፣ እብጠቱ ጎደለ እንጂ!»

ልጁ ምጡ ጠንቶ ታፍኖ ስለተወለደ አንጎሉ አብጦ፣ አናቱ ተወጥሮ ሲያንቀጠቅጠው ሰንብቷል። ትናንት ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሷ የሸዋወርቅን ጣት ይዛ አናቱን አስዳሰሰቻት፤ እንዲህ ለስልሶ ከተኛ ድኗል አለቻት። አማቷ ግን ከተወለደ ጀምሮ ያዩት ያበጠውን ብቻ ስለነበር ደህናው አናት የሰመጠ መሰላቸው።

«ልጄ ኦጋዴን እየተዋጋ ዘሩን ልታጠፊበት ነው? ሰባት የወለድኩ ነኝ እኮ!»

«ከሰባቱ ስንቱን ቀበሩ?»

ቆራጩ ምላጩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ «በአማትና በምራት መሀል እጄን አላስገባም» ብሎ ወጣ።

ልጁ ዳነ። ሸዋወርቅን ግን አማቷ በሳምንቱ ከናዝሬት ቤታቸው አስወጧት፤ ልጇን አዝላ ሁሩታ እናቷ ዘንድ ገባች። በ1970 የባሏ የአብተው መርዶ ሲመጣ ለእሷ የነገራት የለም። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ገበያ ላይ ሰማች።