ወንጀል የማትፈታዋ እህቴ

ጣና ዳር ባለችው ከተማ ግሽ አባይ ሰፈር ተከራይተን በምንኖርበት ጊዜ፣ ማታ ማታ ወደ አማርኛ የተመለሰ የፖሊስ ተከታታይ ድራማ እናይ ነበር። እናቴ ከፋብሪካ ገብታ እግሯን ትዘረጋለች፤ እኔ ከጎኗ። ታናሽ እህቴ ግን ምስሉን ትታ ግድግዳው ላይ የሚርገበገበውን ብርሃን ነበር የምታየው። አሁን ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ኦቲዝም አለባት፤ አትናገርም።

ድራማው ውስጥም ኦቲዝም ያለበት ወጣት አለ። የሰው ዓይን አያይም፣ አይስቅም፤ ግን ሰው የተገደለበት ክፍል ገብቶ አንዴ ዞር ዞር ካለ ገዳዩን ያውቀዋል። መርማሪዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። ከሥራ ሲወጣ የት እንደሚገባ፣ እራት ማን እንደሚያቀርብለት አንድም ቀን አላሳዩንም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እናቴን "የእናንተዋስ ምን ትችላለች? እንዲህ ያሉት የሆነ ተሰጥኦ አላቸው አሉ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ እናቴ መጠበቅ ጀመረች። ቀለም ገዛችላት፤ ከሰው ትንሽ ፒያኖ ተዋሰችላት። እህቴ ቀለሙን አሸተተችው። ፒያኖውን አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ነካችውና ተወችው።

"ቆይ፣ አንድ ቀን ይወጣል" ትል ነበር እናቴ።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ እህቴ በሰው መሀል ጠፋችብን። ፖሊስ ጣቢያ ሮጥሁ። ተረኛው ደግ ሰው ነው፤ ሊያጽናናኝ ብሎ "አይዞሽ እህቴ፣ እንደዚያ ድራማው ላይ እንዳለው ልጅ ከሆነች መንገዱን በቃሏ ይዛዋለች፤ ራሷ ትመጣለች" አለኝ።

"የእኔ እህት መንገድ አታውቅም" አልሁት፤ እንባዬ መጣ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጣና ዳር አገኘናት። እግሯን ውሃው ውስጥ ከትታ ታንጎራጉራለች። ለታንኳ የሚሆን ደንገል የሚያጭዱ አንድ ሽማግሌ ከአጠገቧ ተቀምጠዋል።

"ሰው ይፈልጋታል ብዬ ጥያት አልሄድሁም" አሉን።

እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። እህቴ ስታየኝ ተነሥታ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

የዚያን ዕለት እናቴ ቴሌቪዥኑን አልከፈተችውም። ፒያኖውን መለሰች፤ ቀለሙን ለጎረቤት ልጆች ሰጠች። "ምንም አትቻል፤ ብቻ ትኑርልኝ" አለች።

አሁን እናቴ ጡረታ ወጥታ፣ እህቴን ይዛ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ትውልድ ቀዬዋ ወደ ደልጊ ገብታለች። እኔ እዚሁ ከተማ ቀርቼ፣ ፔዳ የሚባል ሰፈር አካባቢ ተከራይቼ እሠራለሁ። እነዚያን ድራማዎች ዛሬም አያለሁ። አንድም ወንጀል የማትፈታ፣ ግን ስትጠፋ ቤቱ ሁሉ የሚጨነቅላት እንደ እህቴ ያለች ሰው ትመጣ እንደሆን ብዬ እጠብቃለሁ። እስካሁን አልመጣችም።

እሑድ እሑድ እደውላለሁ። እናቴ ስልኩን እህቴ ጆሮ ላይ ታደርግልኛለች። የሳምንቱን ወሬ አወራላታለሁ፤ ዝናቡን፣ የሐይቁን መሙላት፣ የበላሁትን። ትንፋሿ ይሰማኛል።

"እየሰማችሽ ነው፤ አውሪላት" ትለኛለች እናቴ ከጎን።

ከዚህ ዳር ሆኖ ደልጊ አይታይም፤ ጣና ሰፊ ነው። ቢሆንም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወደ ሐይቁ ወርጄ ወደዚያ በኩል አያለሁ።