ቀለም የማይዘልቃት

ብሩሾቼን በነጭ ጋዝ አላጥብም። ሥዕል የማስተምራቸው ወጣቶች ዘይት እንዲህ በተወደደበት ዘመን እሷ ለብሩሽ ታጠጣለች እያሉ ያሙኛል። እውነታቸውን ነው። የዘይት ቀለም የነካውን ብሩሽ መጀመሪያ በምግብ ዘይት አሸዋለሁ፣ ከዚያ በሳሙና ደጋግሜ አጥበዋለሁ። ለምን ሲሉኝ ጋዙ ሳንባ ይጎዳል እላቸዋለሁ። መጉዳቱን ይጎዳል፤ ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም። የነጭ ጋዝ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ከገባ አራተኛ ክፍል እመለሳለሁ፤ እዚያ ደግሞ በቀለች አለች።

ልጅ እያለሁ ሐዋሳ የጋሪ ከተማ ነበረች። ዛሬ ባጃጅ በሚርመሰመስበት መንገድ ጠዋት ጠዋት የፈረስ ፋንድያና የእርጥብ አፈር ሽታ ነበር፤ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ የሐይቁ ዓሣ ሽታ እስከ ታቦር ተራራ ሽቅብ ይመጣብናል። አባቴ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነበር፤ እኔ ግን የተወለድኩት እዚሁ ነው። ሱዚ ስዘል የሚደርስብኝ አልነበረም። ከሁሉ የምኮራው ግን በእጅ ጽሑፌ ነበር። መምህራን ጠመኔውን ሰጥተው ሰሌዳ ላይ ያስጽፉኝ ስለነበር፣ በዘጠኝ ዓመቴ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

በቀለች ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ከገጠር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከእኛ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፣ ረጅም ነች፣ ሒሳብ ላይ እኔን ጥላኝ ትሄዳለች። አፍ የፈታችው በሲዳሙ አፎ ነው። አማርኛዋ አክስቷ ሙዝ ከምትሸጥበት ከመናኸሪያ የተለቀመ ነበር፤ ዋጋ መጥራትና ከወያላ ጋር መሰዳደብ ትችልበታለች፣ መጽሐፍ ማንበብ ግን አትችልም። አክስቷ ቁርጡን ነግራታለች። ወደ አምስተኛ ክፍል ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች ሙዙ ፊት ትቀመጣለች። ይህን በመጣች ሳምንት እሷው ራሷ ነገረችኝ። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

የአማርኛ መምህራችን ተራ በተራ እያስነሱ ያስነብቡን ነበር። በቀለች ተራዋ ደርሶ ተነሣች፣ አንዱን ቃል ሦስት ቦታ ሰበረችው። እሳቸውም መጽሐፉን ዘግተው «ይቺ ልጅ ቀለም አይዘልቃትም» አሉ። ክፍሉ ሳቀ።

በእረፍት ሰዓት ወደ እኔ መጣችና «ቀለም አይዘልቃትም ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ትምህርት አይገባትም ማለት ነው ብዬ ብነግራት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ ግን ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ ቀለም ቆዳሽ ውስጥ አይገባም ማለት ነው አልኳት። ቀለም የገባለት ሰው ያልፋል፣ ያልገባለት ይወድቃል። አመነችኝ። የሚያስቀው እሱ ነበርና ሱዚ የሚዘሉትን ልጆች ጠርቼ አወራኋቸው፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

በማግስቱ መዳፏን በእስክሪብቶ ቀለም አጥቁራ መጣች። ከሰዓት ላይ እጇን ዘርግታ አሳየችኝና «ለቀቀ» አለችኝ፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በርቺ፣ ሌላ ቀለም ሞክሪ አልኳት።

በዚያ ሳምንት የትምህርት ቤቱን በርና መስኮት ሰማያዊ የዘይት ቀለም ይቀቡ ነበር። በቀለች ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ግራ እጇን እስከ ክርኗ ቀባችው። ሲደርቅ ቧንቧ ሥር ቁጭ ብላ በሳሙና አጠበችው፣ በአሸዋ ፈተገችው። አልለቀቀም። በነጋታው መምህሩ ገና ወንበራቸውን ሳይስቡ ከአጠገቤ ብድግ አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ቲቸር፣ ዘለቀኝ» አለች። «በውኃ እንኳ አልለቅም አለ።»

ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ ልስለው ሞክሬ አቅቶኛል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ የተቀለደባቸው መሰላቸው። ማን አስተማረሽ ብለው ጮኹባት። ዞራ አየችኝ። ምን እንዳደረግኋት የገባት ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ሳቃችንን ትሰማ ነበርና። እሷ ግን «ራሴ ነኝ» አለች።

መምህሩ ከቀቢዎቹ ዘንድ የቀለም ቆርቆሮና ቀጭን ብሩሽ አስመጡ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ፣ የእጅ ጽሑፌ ያማረ ነዋ። «ግንባሯ ላይ ቀለም የማይዘልቃት ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። የዘይት ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኩት ያን ቀን ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አልተንቀጠቀጠም። ቀለሙ ወፍራም ነበር፣ ያብለጨልጫል፣ ብሩሹ የሄደበት ሁሉ ይከተላል። እስክሪብቶ እንዲህ ታዞልኝ አያውቅም ነበር። ሁለት መስመር አደረግሁት። «ቀለም» ከላይ መሐል ላይ ዋለ፤ «የማይዘልቃት» ግን ረጅም ስለሆነ መጨረሻው ፀጉሯ ውስጥ እንዳይገባብኝ ፊደሎቹን አጠጋጋኋቸው። የተጨነቅሁት ለዚያ ነበር። ግንባሯ ይሞቃል። ዓይኗን አልጨፈነችም፤ የምጽፍባትን ማንበብ ስለማትችል ከፊቴ ላይ ልታነበው ትሞክር ነበር።

ስጨርስ መምህሩ ራቅ ብለው አዩትና «እጅሽ ወርቅ ነው፣ ሠዓሊ ትሆኛለሽ» አሉኝ። መረቁኝ። ደስም አለኝ። በቀለች ባንዲራው ሥር እስከ ምሳ ሰዓት ቆመች።

አክስቷ ግንባሯን በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ፈትጋ አስለቀቀችላት አሉ። ቀለሙ ከቆዳዋ ጋር ለቀቀ። ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። በሦስተኛው ቀን በመናኸሪያ በኩል ሳልፍ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ሙዙ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት፤ የጋዙ ሽታ ሙዙን አልፎ ይመጣ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ክፍል ውስጥ የእሷ ቦታ ባዶ ስለነበር ደብተሬን ዘርግቼ መጻፍ ጀመርኩ፣ ተመቸኝም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ወግቼም መርሳት አልሆነልኝም። መምህሩ እንዳሉት ሠዓሊ ሆንኩ፣ ያውም በዘይት ቀለም። ጋዜጠኞች የመጀመሪያ የዘይት ቀለም ሥራሽ ምን ነበር ሲሉኝ ሐይቁና ወፎቹ እላለሁ፤ ይጽፉታል። ከውጭ የሚመጣው ሸራ ዋጋው እጅ ስለሚያቃጥል የምሠራው ለድንኳን በሚሆነው ጠንካራ ሸራ ነው። እንጨት ላይ ወጥሬ በሙጫና በጠመኔ ዱቄት ሁለት ሦስት ጊዜ እለስነዋለሁ፤ ዘይቱ ጨርቁ ጋ ከደረሰ ውሎ አድሮ ይበላዋል። ለተማሪዎቼም ጥሩ ሸራ ማለት ቀለም የማይዘልቀው ነው እላቸዋለሁ። በዓመት አንዴም ቢሆን ይህን ማለት አለብኝ፣ በዓመት አንዴም ምላሴ ይተሳሰራል። የምስላቸው ሰዎች በሙሉ ሻሽ ወይ ባርኔጣ እስከ ቅንድባቸው አጥልቀዋል። አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ንግግር ያደረጉ ትልቅ ሰው ይህን የባህላችን ጨዋነት ነው ብለው ተነተኑት። ልክ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ባለፈው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ በዓል፣ ጉዱማሌ አደባባይ ሕዝቡ መሐል አየኋት። ወፈር ብላለች፤ ሻሿ ያው ቅንድቧ ላይ ነው። አሥር ዓመት የሚሆናት ልጇን ይዛለች። «አይዴ ጫምባላላ» ብዬ እንኳን አደረሰሽ አልኳት፣ ከቋንቋዋ የማውቀው ይህንኑ ነው። እሷ በአማርኛ መለሰችልኝ፣ ከእኔ በተሻለ አማርኛ። የፍራፍሬ መደብር ከፍታለች። ልጅቷ ትምህርቷን የጀመረችው በሲዳሙ አፎ ነው፣ አማርኛውንም አብራ ታነበዋለች። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፌ ያወጣው ግን ሌላ ሆነ፤ ሠዓሊ ነኝ፣ ልሳልሽ አልኳት።

በቀለች ሳቅ አለች። «አንዴ ቀብተሽኝ የለ እንዴ? እሱ ይበቃኛል።»

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጎተተችና በቋንቋቸው ምን ማለቷ እንደሆነ የጠየቀቻት መሰለኝ። በቀለች ጎንበስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ረዘም አድርጋ ነገረቻት። ያኔ የምጽፍባትን ማንበብ አትችልም ነበር። አሁን ደግሞ ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ፣ ፊቴ ቆማ ስለ እኔ የምትለውን የማልሰማው እኔ ነኝ። ቋንቋቸው ዕድሜ ልኬን አልዘለቀኝም። ልጅቷ ሰምታ ስትጨርስ ቀና አለችና እጄን አየች።