ለቅሶ የሚቀመጥበት ቤት

ሃረጉ የሚሸጥ ቤት ሲያሳዩዋት ዝም ትላለች። ዝምታዋ የተፈጥሮ ነው። አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ስታድግም፣ ደርግ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ከባሏ ከክፍለማርያም ጋር ናይሮቢ ስትገባም፣ ድምፅዋ ከስፌት መኪናዋ በልጦ አያውቅም። ደላላው ባንታየሁ ግን ዝምታዋን የዋጋ ክርክር አድርጎ ነው የሚወስደው።

«እትዬ ሃረጉ፣ ይኼ እኮ ዌስትላንድስ ነው!» አላት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባዶው ሳሎን መሃል ቆሞ። «ሊፍት አለው፤ ውሃው አይቋረጥም። ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ ሽልንግ ይበዛበታል?»

ሃረጉ የመጋረጃውን ዘንግ አየች። የወጥ ቤቱን ነጭ ሸክላ በጣቷ ዳሰሰች። ከበሩ እስከ ደረጃው ያለው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም።

«እሺ፣ ለምኜም ቢሆን ሦስት መቶ ስድሳ።»

አሁንም ዝም።

«ሦስት መቶ ሃምሳ! ከዚህ በታች ካሉኝ ባለቤቱ ቆዳዬን ይገፈኛል።»

ልጇ ትእምቲ ክንዷን ያዘቻት። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ እዚያው ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ትሠራለች። «እማማ፣ ፕሊዝ! በእግሬ ሥራ እገባለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም የሰፋሽው ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?»

ልጅቷ እውነቷን ነው። ሃረጉ አፍራ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ የሆዷን አወጣችው።

«ለቅሶ የሚቀመጠው የት ነው?»

ባንታየሁ ሳቀ። «ኧረ እትዬ! ሰው ቤት የሚገዛው ሊኖርበት ነው። ማን ሞተና?»

ትእምቲ ግን አልሳቀችም።

ክፍለማርያም ያረፈው ከአምስት ዓመት በፊት፣ ኪራይ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ያገር ሰው ከያለበት መጣ። ክፍሉ ስምንት ሰው ያዘ፤ የቀረው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረጃው ላይ ተደረደረ። በሁለተኛው ቀን ዘበኛው ወጥቶ፣ ተከራዮች መተላለፊያ አጥተዋል፣ ሰዎቹ ይሂዱ አለ። ሃረጉ አፏ ተያዘ። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረችው ትእምቲ ናት ደረጃ በደረጃ እየወረደች፣ ያባቷን ለቅሶኞች አንድ በአንድ «ይቅርታ፣ ሂዱ ተብላችኋል» ያለቻቸው። ሃረጉ ከዚያ ወዲህ የምትፈራው ሞትን አይደለም። የእሷ ቀን ሲደርስ ልጇ ያንን ቃል እንዳትደግመው ነው።

በማግስቱ ንጋራ ወደሚባለው ሰፈር ሄዱ። ቤቱ ምድር ላይ ነው፤ አሮጌ ነው። ግድግዳው ተልጧል፣ ውሃ የሚመጣው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፣ የገበያው ጫጫታ እመኝታ ቤት ድረስ ይገባል። ግን ስድስት በሮች የሚከፈቱበት ሰፊ የጋራ ግቢ አለው። ኩለሱም የምትባል የሞምባሳ ሴት በሯ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። ትእምቲ ማንም ሳያዛት ጠጋ ብላ በስዋሂሊ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሰፌዱን አስቀምጣ፣ እጇን ግቢው ላይ እያዞረች ብዙ ተናገረች።

«ምን አለችሽ?»

«ባሏ የሞተ ጊዜ ግቢው ሦስት ቀን ሙሉ ምንጣፍ ለብሶ ነበር አለች። ጎረቤት ሁሉ በጓሮ በር ነው የወጣው የገባው።»

ትእምቲ ግቢውን በእርምጃ ለካችው፣ ከግንብ እስከ ግንብ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ተመልሳ መጥታ ተነፈሰች። «ሥራ ለመግባት ሁለት ማታቱ ታክሲ መያዝ አለብኝ» አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ድንኳን ይገባል፣ እማማ።»

«ሁለት መቶ ዘጠና ሺህ» አለ ባንታየሁ።

ሃረጉ ዝም አለች። ስለ ዋጋው አልነበረም። ለእንግዳ እጅ መታጠቢያ የሚሆነው የውሃ በርሜል ከበሩ በስተቀኝ ይቁም ወይስ በስተግራ እያለች ነበር።

«እሺ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ!»

ሃረጉ ገዝቼዋለሁ ልትለው አፏን ስትከፍት፣ ትእምቲ እጇን ጨመቅ አደረገቻትና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«እማማ፣ ትንሽ ዝም በይ።»