የድርጅቱን ዘር ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ

የተሰወረውን ሁሉ በሚያይ፣ ስሙም ከዘመን ወደ ዘመን በማይለወጥ በልዑል እግዚአብሔር ፊት ይህን ጽሑፍ እጀምራለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣችኝ ታናሽ እኅቴ ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ከአሰላ በላይ፣ ወደ ጭላሎ በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለው መሬቷ ትኖራለች፤ ከዚያ መሬት በቀር ሌላ መተዳደሪያ የላትም። በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ የግል ድርጅት የቢራ ገብስ አለማለሁ ብሎ የሰፈሩን መሬት ለረጅም ዘመን ሊከራይ መጣ። ከዳግማ ትንሣኤ በፊት ያልፈረመ ይቀርበታል ተባለ። እኅቴም ወደ ቤቴ መጥታ ገና ሳትቀመጥ፣

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ይጠይቁልኝ። ደጎች ናቸው ካሉኝ እፈርማለሁ፤ አይሆንም ካሉኝ እተዋለሁ» አለችኝ።

ነገሩ ቀላል መሰለኝ። እኛ ልጅ ስንድር የወንዱን ዘር እስከ ሰባት ትውልድ እንጠይቃለን። አባቱ ማን እንደሆነ፣ አያቱ ከማን ጋር እንደተካሰሰ፣ እናቱ ጎረቤቷን እንዴት እንደያዘች የሚነግረን ሰው አይጠፋም። ድርጅትም የሰው ሥራ ነውና እንዲሁ ይጠየቃል ብዬ በትሬን ይዤ ወጣሁ።

አስቀድሜ የደረስሁት ከንግድ ጽሕፈት ቤቱ ነው። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ትሑት ወጣት ወንበር ሳበልኝና የድርጅቱን ስም ጠይቆኝ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ተመለከተ።

«አለ፣ አባቴ። ፈቃዱም የታደሰ ነው።»

«የማን ነው?»

«የግል ነው።»

«የግል ማለት የማን ማለት ነው?»

«የባለቤቶቹ።»

«እነርሱስ እነማን ናቸው?»

«እሱን የምንሰጠው ለሚመለከተው አካል ነው።»

«መሬቷን የምትሰጠውን ሴት አይመለከታትም?»

ወጣቱ አቀረቀረ። «አባቴ፣ እኔ የማውቀው ፈቃዱ መታደሱን ነው። ሰዎቹ ጥሩ ይሁኑ መጥፎ፣ እዚህ ላይ አይጻፍም» አለኝ።

በእርሱ አልተቀየምሁም። ከዚያ ወጥቼ በገበያው የጠየቅኋቸው ግን አንገሸገሹኝ። አንዱ «ትልቅ ድርጅት ነው» ይላል፤ እንዴት አወቅህ ስለው «ሰው ሲያወራ ሰምቼ» ይላል። ሌላው ፌስቡክ ላይ ብዙ ሰው ወዶታል አለኝ። ሦስተኛው ጽሕፈት ቤታቸው ምንጣፍ እንዳለው ማስረጃ አድርጎ ነገረኝ። የሰው ልጅ ለአንድ በግ አፍ ከፍቶ ጥርስ እያየ፣ መሬቱን ለሚረከብ ሰው ምንጣፍ ማየት ይበቃዋል?

የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ፣ ፎቅ ላይ ነው። የድርጅቱ ወኪል ተነሥቶ ተቀበለኝ።

«አባባ፣ ለምን ተቸገሩ? ቢደውሉ እኮ እኛው እንመጣ ነበር።»

«ባለቤቱን ለማየት ነው የመጣሁ።»

«ባለቤቶቹ ውጭ አገር ናቸው።»

«የትኛው አገር?»

«እንደ ሥራው ይለያያል።»

«ከዚህ በፊትስ የት አርሳችኋል?»

«በብዙ ቦታ። ግን እሱ የድርጅቱ ምስጢር ነው።»

«እርሻ እንዴት ምስጢር ይሆናል? በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል እኮ።»

«አባባ ቀልደኛ ነዎት» ብሎ ሣቀና የግድግዳ ካላንደር ጠቅልሎ በእጄ አኖረ። አጠገቡ የነበረች ልጅ በስልኳ ፎቶ አነሣችን። ካላንደሩን ለመመለስ ይሉኝታ ያዘኝ፤ እንደያዝሁት ወረድሁ።

ከፎቁ ሥር የድርጅቱ ፒካፕ መኪና ቆሞ ነበር። ዛሬ ራሴ የኔታ ብባልም፣ በልጅነቴ ከመምህሬ ዘንድ ስማር የተፋቀ ብራና አይቻለሁ፤ አዲስ ቢጻፍበትም ወደ ፀሐይ ሲያዘነብሉት የፊተኛው ፊደል ይወጣል። የመኪናውም በር እንዲሁ ሆኖ አገኘሁት። ከአዲሱ ስም ሥር የተፋቀ ሌላ ስም ነበረ። ጠባቂውን «ይህ የማን ስም ነው?» አልሁት።

«አቦምሳ የሠራች ጊዜ የተጻፈ ነው፣ አባባ» አለኝ፤ ምንም ክፉ ነገር የተናገረ አልመሰለውም።

በማግስቱ ወደ አቦምሳ ተሳፈርሁ። ከአንድ ሻይ ቤት ገብቼ በመኪናው በር ያየሁትን የቀድሞ ስም ስጠራ በዚያ የነበሩት እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ወደ እኔ ዞሮ፣ ኦሮምኛ በሚጫነው አማርኛው አጫወተኝ።

«አባ፣ መሬትዎን ሰጥተዋል እንዴ?»

«አልሰጠሁም። እየጠየቅሁ ነው።»

«እንግዲያው ታድለዋል። እኛ ከሰጠን በኋላ ነው የጠየቅነው።»

እንደነገረኝ፣ ድርጅቱ መሬታቸውን አንድ ክረምት ብቻ አረሰ። ከዚያ ለማያውቁት ለሌላ ሰው አሳልፎ አከራየው። ሊከሱ ሲሄዱ ድርጅቱ ፈርሷል ተባሉ።

«ሰዎቹስ?» አልሁት።

«ሰዎቹ ደኅና ናቸው፤ የሞተው ስሙ ነው። ለስም ለቅሶ አይደረስ! ማል ጎና፣ ምን እናድርግ? ያ ሰውዬ ግን አሁንም ለሽማግሌ ‹አባባ ቀልደኛ ነዎት› ይላል?»

የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔ ግን ሻዩን መጨረስ አቃተኝ። ሰው ኃጢአቱን ሲደብቅ አይቻለሁ፤ ደብቆም ሲያፍር አይቻለሁ። ልብስ እንደሚቀይር ስሙን ቀይሮ፣ በዚያችው መኪና ተቀምጦ ወደሚቀጥለው መንደር የሚወጣ ግን አይቼ አላውቅም።

የባሰው ከተመለስሁ በኋላ ጠበቀኝ። ወደ እኅቴ ስወጣ ከጎረቤቶቿ ብዙዎቹ ፈርመው አገኘኋቸው። የጴንጤ ቤተሰብ የሆነው የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህር እንኳ ፈርሟል።

«የኔታ፣ እርስዎን አይተን እኮ ነው» አለኝ።

«እኔ ምን አልሁ?»

«ከቢሯቸው ገብተው የለ? ፎቶውን ወኪሉ በገበያ ቀን ለሁሉም አሳየን። ሽማግሌ የሰው ቤት ሄዶ ዘር የሚጠይቀው ጋብቻው ሲታሰብ ነው። ስጦታም ተቀብለዋል። ነገሩ አልቋል አልን።»

በአገራችን ሥርዓት ስሕተት አልነበረበትም። ሽማግሌ ለመናቅ ብሎ ዘር አይጠይቅም፤ ዓይኑ ያላረፈበትን ቤት አያንኳኳም። ያ ወኪል ይህን አውቆ፣ ጥያቄዬን ራሱን ምስክር አድርጎ በገበያ አዞረው። እውነት ፍለጋ የወጣሁበት እግሬ ሐሰቱን ተሸክሞ ከእኔ ቀድሞ መንደር ገባ። ካላንደሩን ከግድግዳ ላይ እንኳ አልሰቀልሁትም ነበር፤ ያን ዕለት ግን በእጄ መንካቱ ራሱ ቀፈፈኝ።

እኅቴ በደጃፏ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«አንቺስ?» አልኋት።

«ጋሼ ካልወደዱት ለምን ይሄዳሉ እያሉ ጨቅጭቀውኝ ነበር። እኔ ግን ፎቶ አይነግረኝም፣ ሲመለሱ ፊትዎን ልየው ብዬ ቆየሁ» አለችኝ። አየችኝ። «በቃ፣ አይንገሩኝ። ገብቶኛል።»

እኔ ግን ለሁሉም ነገርሁ። የአቦምሳውን ወሬ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ለተሰበሰቡትም፣ ለመምህሩም፣ በመንገድ ላገኘሁትም ደገምሁ። የፈረሙት ውላቸውን ለማስመለስ ወደ ፎቁ ወጡ። ዛሬ ነገ እየተባሉ እስካሁን ይመላለሳሉ፤ እኔም አብሬያቸው እወጣለሁ። ያች ፎቶ አንሺ ልጅ አሁን ስታየኝ ስልኳን ትደብቃለች።

ወኪሉ ዳግማ ትንሣኤ ሳይደርስ የጣት ማስፈረሚያ ቀለሙን ይዞ ወደ እኅቴ ግቢ መጣ። እኔም ነበርሁ። እንዲቀመጥ በርጩማ ሰጠችውና፣

«ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

የድርጅቱን ስም ጠራላት።

«እሱማ መኪናህ ላይ ተጽፏል። አባትህን ነው የምጠይቅህ።»

ወደ እኔ ተመለከተ። ስልኩ የጠራ አስመስሎ ተነሣና ወደ መኪናው ሄደ። እኅቴ በርጩማውን አንሥታ በውኃ አጠበችው። በዚያ ክረምት ገብሷን በራሷ መሬት ላይ፣ በወንፈል ዘራች።

አንተ ይህን የምታነብ፣ አንቺም የምታነቢ፣ ደጃችሁን የሚያንኳኳውን እግዚአብሔር በእውነተኛ ስሙ ያሳውቃችሁ። መሬታችሁን ይባርክ፣ ቤታችሁን ከሐሰተኛ ምስክር ይጠብቅ፤ ልጆቻችሁም አባታቸውን ሲጠየቁ የማያፍሩ ይሁኑ። አሜን።