ቀትር ላይ ፎቶ አይነሣም

የሥራ ባልደረባዬ ምሳው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሰርጌ ላይ ብቅ ሲል እናቴ እልል ብላ ነበር። «እሰይ፣ ፎቶ አንሺ በእግሩ መጣልን!» ብላ ከሙሽሮቹ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። እሱ ጠላውን ጠጣ፣ ጥብሱን በላ፣ ከዚያ ከዳሱ ጀርባ ዞረና አንድ ግራር ሲያነሣ ዋለ። ከሳምንት በኋላ የሰርጌን ፎቶ ብጠይቀው ግራሩን አሳየኝ። የሚያምር ግራር ነው፤ አይካድም። እኔ ግን ያገባሁት ግራሩን አልነበረም።

ይህን የምለው ቂም ይዤ እንዳይመስላችሁ። ደግሞስ ብይዝ ምን አለበት? ሰቆጣ ውስጥ ምሳው ያላስቀየመው ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

የምንሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። እሱ ከብት ይከትባል፣ እኔ የመድኃኒቱን መጋዘን እጠብቃለሁ። ሥራው ከደሃና ደጋ እስከ አበርገሌ ቆላ በእግር ያዞረዋል። ሌሎቹ ከአበርገሌ ሲመለሱ ሙቀቱንና መንገዱን ሲረግሙ ይሰነብታሉ፤ ምሳው ግን ፊቱ በርቶ ነው የሚመለሰው። ሚስት ያላገባው ጊዜ አጥቶ ነው እያልን እናማዋለን፤ ሐሜት ብቻም አይደለም። ክራር ይመታል፤ እሱ ሲጀምር ጎረቤት በሩን ይዘጋል። ሁለት ቀፎ ንብ አለው፤ ማሩን መቁረጥ ንቦቹን መበደል ስለሚመስለው የሚበላውን ማር ከገበያ ይገዛል። ድንጋይ ይለቅማል፤ የተከራየባት ክፍል ውስጥ ገብቶ እግሩን ሳይመታ የወጣ ሰው የለም። ዳማ ይጫወታል፤ ሲሸነፍ ደግሞ ያኮርፋል።

እነዚህ ሁሉ ግን ለእሱ ጨዋታ ነበሩ። ካሜራው ጨዋታ አልነበረም። አባቱ የተወለትን ወይፈን ሸጦ ነው ከባሕር ዳር ያመጣው። ኢንተርኔት ባለ ቀን ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ ሲያነብ ይውላል፤ በሌለ ቀን ያነበበውን ለእኛ ያስተምራል፣ ጠይቀነው ይመስል። ከተማው በሙሉ ፎቶ አንሺ መጣልን ብሎ ሲደሰት፣ እሱ የመጀመሪያውን ሰው አፍ አዘጋው። «እኔ የሰርግና የመታወቂያ ፎቶ አንሺ አይደለሁም» አለ። ጋዝጊብላ ገበያ ላይ ሰዎቹ ካሜራውን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ልጃቸውን ከፊታቸው አቁመው ቀጥ ይሉለታል። እሱ በእጁ እንደ ዝንብ እያባረረ፣ «እባካችሁ ከፊት ዞር በሉልኝ፤ ተራራውን ጋረዳችሁት» ይላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ሰው ካሜራ ሲያይ ይዋሻል፤ ድንጋይ አይዋሽም» አለኝ።

ሌላም ሕግ ነበረው። ፎቶ የሚነሣው ፀሐይ ስትወጣና ልትገባ ስትል ብቻ ነው። «ቀትር ላይ ፎቶ አይነሣም። ጥላው ዓይን ውስጥ ይገባና ሰውን የሞተ ያስመስለዋል።» ይህችን አባባሉን መሥሪያ ቤት ውስጥ ቀልድ አድርገናት ነበር። አለቃችን ፊርማ ሲጠየቅ ከሸሸ፣ «ቀትር ላይ አይነሣም» እንባባላለን። አሁን ማንም አይላትም።

ሐሰት መናገር አልፈልግም፤ ፎቶዎቹ ያምራሉ። በየቀኑ አልፌው የምሄደውን ገደል እሱ አንሥቶት ሳየው የት አገር ነው ብዬ ጠይቄያለሁ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ከዚሁ ከምሳው እናት ከእማማ ለተሥላሴ ሆድ ደግሰው ወጣ። ደግሰው ታናሹ ነው፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ድንጋይና ሲሚንቶ እየተሸከመ እናቱን የሚያስተዳድር ልጅ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰ ወዲህ ሌላ ሥራ አላገኘም። ምሳውን ታግሦ የሚከተለው እሱ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ እሱ የወንድሙን የካሜራ ማቆሚያ ተሸክሞ ገደል ይወጣል፤ ወፍ የሚጋርድ ቅርንጫፍ ካለ በእጁ ይይዝለታል። «ወንድሜ እኮ ጎበዝ ነው» ይለን ነበር። ያንን ቃል ስለ ምሳው የሚናገር ሌላ ሰው አልነበረም።

ዓምና ጥምቀት እንዳለፈ ደግሰው መሥሪያ ቤታችን መጣ። ፀጉሩን ተቆርጧል፤ አዲስ ጃኬት ለብሷል። እኔና ምሳው በር ላይ ቆመን ነበር።

«ምሳው፣ እስቲ አንድ አንሣኝ» አለው።

ምሳው ወንድሙን አላየም፤ ሰማዩን አየ። «አሁን? ፀሐይዋ አናት ላይ ናት እኮ! ፊትህን ታበላሸዋለች። ነገ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ና፤ እዚያ ጥሩ ብርሃን አለ።»

«አንድ ብቻ፣ ለእናቴ ነው።»

«ለእናቴ ከሆነማ የተበላሸ እንዴት እሰጣታለሁ? ነገ አልኩህ።»

ደግሰው ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «ይኸውልሽ ሰርካለም፣ ወንድሜ ለድንጋይ እንጂ ለሰው አይሆንም» አለኝ። ከዚያ የወንድሙን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሄደ።

በማግሥቱ ምሳው ማልዶ ግንቡ ሥር ካሜራውን ተክሎ ጠበቀ። ደግሰው አልመጣም። ምሳው እንቅልፍ ጥሎት ነው ብሎ ተናደደ፤ ብርሃኑ እንዳያመልጠው ባዶውን ግንብ አነሣና ወደ ሥራው ሄደ። ደግሰው በዚያ ሰዓት በቆቦ በኩል ወደ አፋር እየወረደ ነበር። ሠፈር ውስጥ አብረውት ያደጉት ጓደኞቹም በአንድ ደላላ አብረውት ወጥተዋል። ሐሳባቸው በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ሳዑዲ መግባት ነበር።

ፋሲካ ሳይደርስ አንድ የጋዝጊብላ ልጅ ከባሕሩ ማዶ ስልክ ደወለ። ጀልባዋ ተገልብጣለች፤ ከእነ ደግሰው የተረፈ የለም። መርዶ ነጋሪዎቹ ማለዳ እማማ ለተሥላሴ ቤት ገቡ። የእማማ ጩኸት እኛ ሠፈር ድረስ ተሰማ።

አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ፎቶው ነው አስከሬኑ። ልብሱን ዘርግተው፣ ፎቶውን ከልብሱ በላይ አድርገው፣ እሱን እያዩ ነው ሰዎች የሚያለቅሱት። የደግሰው ልብስ አለ። ፎቶ ግን የለም። በየስልኩ ተነሥቶ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ተነሥቷል፤ ስልኩ አብሮት ሰጠመ። ጓደኞቹ ጋ አይጠፋም፤ ጓደኞቹም አብረውት ሰጠሙ። የቤቱ አልበም በጦርነቱ ጊዜ ቤቱ ሲዘረፍ ጠፍቷል። መታወቂያውም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቱም አብረውት ሄደዋል። ፌስቡኩ ላይ የለጠፈው የአንበሳ ፎቶ ነበር።

እማማ ለተሥላሴ ምሳውን በሰው ፊት ጠሩት። በኽምጣንኛ እያለቀሱ ቆይተው ለእሱ ሲሆን በአማርኛ ተናገሩ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ይመስለኛል። «ይህን ሁሉ ዓመት ካሜራ ተሸክመህ ዞረሃል። ወንድምህም ተሸክሞልሃል። ሂድና የልጄን ፊት አምጣልኝ።»

መሥሪያ ቤት መጣና ኮምፒውተሩን ከፈተ። ብቻውን ልተወው አላስቻለኝም፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወፍ አለ። ድንጋይ አለ። ደመና፣ ገደል፣ የገብስ ማሳ፣ የተከዜ ውኃ፣ የንብ ክንፍ ሳይቀር አለ። ሰው የለም። ገበያው ውስጥ እንኳ ሰው የለም፤ ሁሉንም ዞር በሉ ብሎ አባሯቸዋል። የኔ ግራርም መጣ፤ ሳላስበው ስድብ አመለጠኝ። እሱ አልሰማኝም።

በመጨረሻ አንድ የወፍ ጎጆ መጣ። በጠርዙ በኩል አንድ እጅ ቅርንጫፍ ይዟል፤ አውራ ጣቱ ላይ ድንጋይ የጨፈለቀው ጥቁር ጥፍር አለ። ሁለታችንም ወዲያው አወቅነው። ምሳው ጣቱን ወደ ፎቶው ጠርዝ ገፋ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማየት የሚችል ይመስል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ቀጥሎ የመጣው ያ ባዶ ግንብ ነው። ብርሃኑ ወርቅ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ክፍት ነው። ምሳው እዚያ ላይ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ጮኸ። እኔም አለቀስኩ፤ እሱን ግን ላጽናናው አልቻልኩም፤ ተናድጄበት ነበር።

ለለቅሶው የተገኘው የስምንተኛ ክፍል የፈተና መግቢያ ካርዱ ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶ ነበር። ፎቶ ቤት ወስደው አስተለቁት፤ ወይን ጠጁ ማኅተም አፉ ላይ ስላረፈ ሳቁ አይታይም። አልቃሿ ትከሻው ሰፊ፣ ጉልበቱ ብርቱ እያለች ሙሾ ታወርዳለች፤ የያዘችው የሕፃን ፊት ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው «ልጅ ነው እንዴ የሞተው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ምሳው እጁ ያለበትን ፎቶ አሳትሞ ይዞ መጥቶ ነበርና ለእናቱ ሰጣቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እጁን አወቅሁት» አሉ። «ፊቱን ማን ቆርጦ ጣለው?»

 የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ? ከዚያ ወዲህ ምሳው ድንጋዮቹን ከቤቱ አውጥቶ ጣለ፤ ክራሩ ግድግዳ ላይ አቧራ ለበሰ። ካሜራውን ግን አልጣለም። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «ላንሣህ? ላንሣሽ?» እያለ ማስቸገር ጀመረ። እኔንም ጠየቀኝ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኩት። ክፉ ቃል ነው፤ ግን ወጣኝ፣ አልመልሰውም።

የደግሰው ተዝካር ዕለት ቄሶቹ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ሰዉ በልቶ ጥላ ፍለጋ ዳሱ ሥር ተጠጋግቶ ሳለ፣ እማማ ለተሥላሴ ዱካቸውን ይዘው ወጡ። ከግቢው መሐል፣ ጥላ የሚባል ከሌለበት አስቀመጡትና ተቀመጡበት። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ፤ ለሐዘን የተላጩት ራስ በፀሐይ አበራ።

«ምሳው፣ ካሜራህን አምጣ» አሉ።

አመጣ። ዓይኑ ላይ አደረገና ቆም አለ። ክፉ ልማድ ሆኖበት ቃሉ ከአፉ አመለጠ። «እናቴ፣ ፀሐዩ አሁን...»

 የተናገረውን ራሱ ሰምቶ አፉን በእጁ ያዘ።

«ንገረኝ እንጂ! ቀትር ነው አይደል? ነገ ጠዋት ልምጣ?» አሉት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አንሣኝ ልጄ። እኔ ስሞት የድንጋይ ፎቶ ይዛችሁ እንዳታለቅሱ።»

አነሣቸው። ደጋግሞ አነሣቸው። እሳቸው በቃህ እስኪሉት ድረስ ካሜራውን ከዓይኑ ላይ አላወረደም፤ ለምን እንዳላወረደው ሁላችንም እናውቃለን።

ፎቶው አሁን እማማ ለተሥላሴ ቤት፣ ማኅተም ካረፈበት የደግሰው ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። እዚያ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ ይይዘዋል። ጥላው ዓይናቸው ውስጥ ገብቷል፤ ዓይናቸው በነበረበት ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው፤ በሕይወት ያሉ ሰው አይመስሉም። ስለ ቀትር ፀሐይ ምሳው ልክ ነበር።